ማርሽና ፍሬን፦ ከመርካቶ እስከ ዓባይ ሸለቆ የቁልቁለት ጉዞ ታሪክ

በኢትዮጵያ ዕቃ የጫነ መኪና ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ሲጓዝ ሜዳ ብቻ የሚያገኝበት መንገድ እምብዛም የለም። ደጋው ከደጋ በጥልቅ ሸለቆ የተከፈለ በመሆኑ፣ ከጎጃም እህል የጫነ መኪና መርካቶ ለመድረስ አስቀድሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ፣ ከወረደም በኋላ መውጣት፣ ከወጣም በኋላ የእንጦጦን ትከሻ ተሻግሮ እንደገና ወደ ከተማው መውረድ አለበት። ከመርካቶ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄደውም እንዲሁ ከጣርማ በር አናት ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት የአገሪቱ የጭነት ማጓጓዣ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው የዳገት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ይልቅ የቁልቁለት ታሪክ ነው። ዳገት አቅም ያነሰውን መኪና ያቆመዋል፤ ቁልቁለት ግን ያልተዘጋጀውን ሾፌር አያቆመውም።

ከዚህ ታሪክ ጋር አብሮ የኖረ አንድ የሙያ ጥያቄ አለ። ይኸውም በእጅ ማርሽ የሚነዳ መኪና ፍጥነቱ መቀነስ ያለበት ማርሽ በመቀነስ ነው ወይስ ፍሬን በመያዝ የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ በሜዳና በገደል፣ በባዶና በጭነት፣ በአሮጌና በአዲስ መኪና የሚለያይ ነው። መልሱን ያሳሳተ ሾፌር ዋጋውን የሚከፍለው በራሱ ሕይወት ብቻ አይደለም፤ በተሳፋሪው፣ በረዳቱና በመንገድ ዳር በሚሄደው ሕዝብ ሕይወት ጭምር ነው።

ከበቅሎ ወደ ካሚዮን

መኪና ከመምጣቱ በፊት የጎጃምና የሸዋ ነጋዴ ዓባይን የሚሻገረው በአጋሰስና በበቅሎ ነበር። በቅሎ ቁልቁለት ስትወርድ ክብደቷን በአንድ እግር ላይ አትጥልም፤ እርምጃዋን አሳጥራ፣ እያንዳንዱን እግር አጽንታ፣ ገና ከአናቱ በያዘችው ዝግታ እስከ ታች ትወርዳለች። ነጋዴውም አያጣድፋትም። ይህ የእንስሳ ጥበብ ኋላ ላይ በሞተር ዘመን እንደገና መማር ያስፈለገ ትምህርት ሆኗል።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ያመጣውም ቤዲ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት አውቶሞቢል የቤተ መንግሥትና የጥቂት ባለጸጎች መጓጓዣ ሆኖ ከመቆየቱ በላይ፣ መንገድ ባለመኖሩ ከከተማ እምብዛም አይርቅም ነበር። ሁኔታው የተለወጠው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የጠላት ጦር ከ1,500 የሚበልጡ መኪናዎች ይዞ ነበር። ያን ሁሉ ሞተር ለቀናት ያዘገየው ኢትዮጵያውያን በጣርማ በር ላይ መንገዱን ማፍረሳቸው ነው። ገደሉ መኪናን ማሸነፍ እንደሚችል የታየበት የመጀመሪያው ትልቅ አጋጣሚ ይህ ነበር ለማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ወራሪው ለጦርና ለአስተዳደር እንዲመቸው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ በሚገኘው ጣርማ በር ላይ ተራራውን በስቶ መንገድ አሳለፈ። በሰሜንም ከደባርቅ በታች የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ቀደደ። በአዲስ አበባም በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ትልቁን ገበያ ለኢትዮጵያውያን ብሎ ወደ ከለለው ወደ ምዕራቡ ሠፈር አዛወረው። የገበያው ስም መርካቶ፣ የአካባቢውም ስም አዲስ ከተማ ሆኖ የቀረው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው። እንግዲህ መርካቶና የመኪና መንገድ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ገበያው የተተከለው መኪና በሚደርስበት ቦታ ሲሆን፣ መንገዶቹም ውለው አድረው ወደ ገበያው የሚፈስሱ ሆነዋል።

ከነጻነት በኋላ መንገዶቹ ለዓመታት በቂ ጥገና ሳያገኙ ቆዩ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋምና ከዓለም ባንክ የተገኘው ብድር ሥራ ላይ ሲውል ግን የጭነት ማመላለሻ እየሰፋ ሄደ። ከአውቶቡስ ተራ የሕዝብ ማመላለሻው፣ ከጎጃም በረንዳና ከአካባቢው የእህልና የሸቀጥ ጭነቱ ወደ ክፍለ ሀገር ይነሣ ነበር። ጎጃም በረንዳ የሚለው ስም ራሱ መርካቶ ከዓባይ ማዶ ጋር ያለውን ግንኙነት ይመሰክራል።

የጣሊያን ቃላትና የረዳት ትምህርት ቤት

ጣሊያን በጦር ተሸንፎ ቢወጣም መካኒኮቹና መኪናዎቹ በከፊል ቀርተዋል፤ ቃላቱም ከነርሱ ጋር ቀርተዋል። ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፎሌ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጋራዡ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። ከነዚህ መካከል ፎሌ የሚለው ቃል ልዩ ትኩረት ያሻዋል። በጣሊያንኛ ትርጉሙ «እብድ» ማለት ሲሆን፣ ማርሹ ከሞተሩ ተላቅቆ መኪናው በራሱ ክብደት የሚንከባለልበትን ሁኔታ ያመለክታል። በቁልቁለት ላይ ከዚህ የበለጠ ተስማሚ ስም ለማግኘት ያስቸግራል።

ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ እጅግ የታወቀው የጭነት መኪና ሕዝቡ «ኤንትሬ» እያለ የሚጠራው ፊያት 682 ነው። ስሙ የመጣው ኤን 3 ከሚለው የሞዴል መለያ ነው። የዚያ ዘመን ከባድ መኪናዎች ፍሬን ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነበር። አብዛኛዎቹም ካምቢዮ የማርሾቹን ዙር ራሱ የሚያመሳስል አልነበራቸውም። በአሜሪካ ካዲላክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1928 ማመሳሰያ ያለው ካምቢዮ በቤት አውቶሞቢል ላይ ቢያወጣም፣ ጥቅሙ ለከባድ መኪና የደረሰው ብዙ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ማርሽ በቀነሰ ቁጥር ፍሪሲዮን ረግጦ ወደ ፎሌ ማውጣት፣ ፍሪሲዮኑን ለቅቆ በነዳጅ የሞተሩን ዙር ከፍ ማድረግ፣ እንደገና ረግጦ ዝቅተኛውን ማርሽ ማስገባት ነበረበት።

ይህ ሥራ በሜዳ ላይ ቢሳሳት ጥርስ ከጥርስ ተፋጭቶ ጩኸት ይሰማል እንጂ ብዙ ጉዳት የለውም። ቁልቁለት ተጀምሮ፣ ፍጥነት ተጨምሮ ሳለ ቢሳሳት ግን መኪናው ከወጣበት ማርሽም ሳይመለስ፣ የተፈለገውም ማርሽ ሳይገባ በፎሌ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ፍሬን ብቻ ነው ያለው፤ እርሱም እየጋለ የሚሄድ ፍሬን ነው። ከዚህ አደጋ የተወለደው ደንብ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው፤ ቁልቁለቱን ዳገት ሆኖ ቢመጣ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ፤ ማርሹንም ከአናቱ ሳትነሣ አስገባ።

ትምህርቱ በመጽሐፍ የተላለፈ አልነበረም። ሾፌር የሚሆነው አስቀድሞ ረዳት የነበረ ነው። ረዳቱ ጭነት ያስራል፣ ጎማ ያያል፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማ ሥር ይገባል። በዓመታት ብዛት የሞተሩን ድምፅ ከጋቢናው ውስጥ እየሰማ፣ የሾፌሩን እጅ እያየ፣ የትኛው መታጠፊያ በሁለተኛ፣ የትኛው በሦስተኛ እንደሚወረድ ይማራል። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታም ለርሱ የማስጠንቀቂያ ደወል ነበር። መርካቶ የዚህ ትምህርት ቤት መነሻና መመለሻ ሆኖ ኖሯል፤ መኪናው የሚጫነው፣ የሚጠገነው፣ ረዳቱም የሚቀጠረው በዚያው አካባቢ ነበርና። በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ዕቃ የሚሸጡት፣ ያለቀውን ሸራ ከብረቱ ነቅለው አዲስ የሚመቱት የእጅ ባለሙያዎችም የዚሁ ሰንሰለት አካል ናቸው።

ቁልቁለቱ በስሌት

የአሮጌዎቹ ሾፌሮች ደንብ በልምድ የተገኘ ቢሆንም በስሌት ሲመረመር ትክክል ሆኖ ይገኛል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከአንዱ ከንፈር እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ዝቅታ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። እያንዳንዱ ወገን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ቢባል፣ አማካይ ዝንባሌው ከመቶ ሰባት ይሆናል ማለት ነው።

ጠቅላላ ክብደቱ 20 ቶን የሆነ መኪና ይህን ሲወርድ ከከፍታው የሚለቀቀው ጉልበት 275 ሜጋጁል ያህል ነው። ያው መኪና በሜዳ ላይ በሰዓት በ60 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ አንድ ጊዜ ለማቆም ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት ከ3 ሜጋጁል ያነሰ ነው። እንግዲህ አንዱን የዓባይ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ መውረድ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 100 ጊዜ ያህል በተከታታይ፣ ያለ ዕረፍት እንደ ማቆም ነው። ከዚህ ላይ ጎማው ከመንገዱ ጋር የሚያባክነውን 40 ሜጋጁል ገደማ ቀንሰን እንኳ የሚቀረው ሙቀት ከ700 ሊትር በላይ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። የፍሬን ታምቡሮቹ በጠቅላላ 300 ኪሎ ግራም ብረት ናቸው ብንል፣ ንፋስ ምንም ባያበርዳቸው ኖሮ ይህ ሙቀት ብረቱን ለማቅለጥ በደረሰ ነበር። ፍሬን ያን ያህል የሚቆየው ንፋሱ ስለሚያበርደው ብቻ ነው፤ ለማቀዝቀዝ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል።

ጊዜን የሚሰጠው ዝግታ ነው። መኪናው በሰዓት በ60 ኪሎ ሜትር ቢወርድ በየሴኮንዱ መወገድ ያለበት ኃይል 180 ኪሎ ዋት ያህል ይሆናል። በ30 ኪሎ ሜትር ቢወርድ 95፣ በ15 ኪሎ ሜትር ቢወርድ 50 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል። የጠቅላላው ጉልበት መጠን አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚከፋፈልበት ጊዜ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት በዚህ ቦታ የምህንድስና ሕግ ሆኖ ይገኛል።

ፍሬን የሚደክመው ለምንድን ነው?

ፍሬን እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ የሚያሸንፈውም ራሱ የፈጠረው ሙቀት ነው። በእንግሊዝ አገር ኸርበርት ፍሩድ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1897 የፍሬን ሸራ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሸራው ጥራት እየተሻሻለ መጥቷል። ለብዙ ዓመታት ዋናው ጥሬ ዕቃ የነበረው አስቤስቶስም ካንሰር እንደሚያስከትል በመረጋገጡ በብዙ አገሮች ታግዷል። ይሁን እንጂ የትኛውም ሸራ ቢሆን ከተወሰነ ሙቀት በላይ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ሾፌሩ ፔዳሉን በበለጠ ኃይል ይረግጣል፤ መኪናው ግን በፊት ይሰጠው የነበረውን ምላሽ አይሰጥም።

በታምቡር ፍሬን ላይ ሌላም ችግር ይጨመራል። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። 400 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ታምቡር ሙቀቱ በ350 ዲግሪ ሲጨምር 1.5 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል፤ ማለትም ከሸራው ይሸሻል። በአየር የሚሠራ ፍሬን ደግሞ የሚገፋው ዘንግ የተወሰነ ርቀት ብቻ ስለሚሄድ፣ አስቀድሞ በደንብ ካልተስተካከለ ሸራው ታምቡሩን በበቂ ኃይል ሳይጫን የዘንጉ ጉዞ ያልቃል። በመርካቶ ባዶ መኪና ላይ «ይይዛል» የተባለው ፍሬን በዓባይ ቁልቁለት ላይ የማይይዝበት ምክንያት ይህ ነው። ቀዝቃዛ ፍሬን ስለ ጋለ ፍሬን አይመሰክርም።

በዘይት የሚሠራ ፍሬን ያላቸው ቀላል የጭነት መኪናዎችና ሚኒባሶች ሌላ አደጋ አለባቸው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ ያረጃል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መለኪያ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ከፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ይታመቃል እንጂ ግፊት አያስተላልፍምና ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል። በተጨማሪም በባዶ አየር እየታገዘ የሚሠራው የፍሬን ረዳት ክፍል በከፍታ ቦታ አቅሙ ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በጠረፍ ወደብ ቀላል የነበረው ፔዳል በደጋው ላይ ይከብዳል።

ማርሽ የሚያደርገው ምንድን ነው?

መኪና በማርሽ ተይዞ ሲወርድ ጎማው ሞተሩን ያዞራል፤ ሞተሩም በውስጥ ፍትጊያውና አየር በመሳብና በመግፋት ሥራው ጉልበቱን ይበላል። ሙቀቱም በራዲያተርና በጭስ መውጫ ይወገዳል፤ እነዚህ ደግሞ ቀድሞውኑ ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ናቸው። 10 ሊትር ገደማ መጠን ያለው የናፍጣ ሞተር በደቂቃ 1,900 ዙር ሲዞር በስሌት ከ30 እስከ 35 ኪሎ ዋት ያህል ሊይዝ ይችላል።

የማርሽ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ የሚይዘው ኃይል የሚወሰነው በዙሩ ብዛት ሲሆን፣ መያዝ ያለበት ኃይል የሚወሰነው ግን በመኪናው ፍጥነት ነው። በቀላል ማርሽ በ60 ኪሎ ሜትር የሚወርድ መኪና ከሚያስፈልገው ኃይል ሞተሩ የሚይዝለት አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ያው ሞተር በዚያው ዙር በከባድ ማርሽ፣ በ15 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ግን ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይሸከማል። ለፍሬኑ የሚቀርለት ጥቂት ብቻ ነው፤ በዚያም መካከል ለማቀዝቀዝ በቂ ጊዜ ያገኛል።

የጭስ መውጫውን በክዳን በመዝጋት ሞተሩን የሚያፍነው ተጨማሪ መሣሪያ ይህን አቅም በእጅጉ ያሳድገዋል። ከዚህም የበለጠ ኃይል ያለው መሣሪያ የተገኘው በአንድ ቁልቁለት ላይ ከደረሰ ድንጋጤ ነው። አሜሪካዊው የናፍጣ ሞተር ሠሪ ክሌሲ ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1931 በካሊፎርኒያ ካሆን የተባለውን መተላለፊያ በጭነት መኪና ሲወርድ ፍሬኑ ከዳው፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ የነበረውን የባቡር ሐዲድ መንገድ የሚያቋርጥ ባቡር ሊደርስበት ሲል ለጥቂት አለፈው። ከሚንስ ያን ቀን አልረሳውም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሞተሩ ያመቀውን አየር መልሶ ከመግፋቱ በፊት የሚያስወጣ፣ ሞተሩን ወደ ጉልበት ዋጭነት የሚለውጥ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በጄኮብስ ኩባንያ ተመርቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ ቀረበ። የካሊፎርኒያው ገደልና የዓባይ ሸለቆ ያስተማሩት ትምህርት አንድ ነው፤ የሚለያዩት አንዱ የፈጠራ መብት ሆኖ መመዝገቡ፣ ሌላው በረዳትና በሾፌር መካከል በቃል መቅረቱ ነው።

የፎሌ ማታለል

ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል ቁልቁለትን በፎሌ መውረድ አሮጌ ልማድ ነው። ይህ ልማድ በድሮዎቹ ሞተሮች ዘመን እንኳ ጥቂት ነዳጅ አትርፎ ብዙ የፍሬን ሸራ የሚበላ ነበር። በኤሌክትሮኒክ መርፌ በሚሠሩት የዛሬ ሞተሮች ላይ ግን ያው ጥቂት ትርፍ እንኳ የለውም። እነዚህ ሞተሮች መኪናው በማርሽ ተይዞ፣ እግር ከነዳጅ ፔዳል ተነሥቶ ሲወርድ ነዳጁን ጨርሰው ይዘጉታል፤ በፎሌ ከሆነ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨት ይኖርባቸዋል። ስለዚህ በፎሌ የሚወርድ ሾፌር ነዳጁንም፣ ሸራውንም፣ መያዣውንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርድ ደግሞ ለመሪና ለፍሬን የሚረዳውን ኃይል ጭምር ስለሚያጣ፣ ይህ ቁጠባ ሳይሆን ራስን ለገደል መስጠት ነው።

በመርካቶ ጎዳና ላይ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ፍሬን መጥፎ፣ ማርሽ ጥሩ ነው ወደሚል መደምደሚያ ሊመራ አይገባም። መኪናው ሸለቆውን አልፎ፣ በሱሉልታ ሜዳ ተጉዞ፣ ከእንጦጦ ትከሻ በአዲሱ ገበያ በኩል ወርዶ መርካቶ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። በመርካቶ ጎዳና ላይ ተሸካሚ ከነሸክሙ ድንገት መንገድ ያቋርጣል፤ አህያ ትቆማለች፤ ሚኒባስ ያለ ምልክት ዳር ይይዛል። በዚህ ቦታ የሚያስፈልገው ረጅም መያዝ ሳይሆን ፈጣን ማቆም ነው፤ እርሱም የፍሬን ሥራ ነው።

በሜዳና በዝቅተኛ ፍጥነት መኪናን ለማቆም ብቻ ብሎ ማርሽ እየደረደሩ መቀነስ ሦስት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ የፍሬን መብራት ስለማይበራ ከኋላ የሚመጣው ሰው መኪናው መዘግየቱን በጊዜ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ፍሪሲዮን እያንሸራተቱ መያዝ ፍሪሲዮኑን ይበላዋል፤ እርሱን ለመቀየር ደግሞ ካምቢዮውን ማውረድ ስለሚጠይቅ ወጪው የፍሬን ሸራ ከመቀየር እጅግ ይበልጣል። ሦስተኛ፣ የሞተር መያዝ የሚደርሰው ለሚነዱት ጎማዎች ብቻ ስለሆነ፣ በክረምት በጭቃና በዝናብ በላሸቀ መንገድ ላይ ማርሽ በድንገት ከተቀነሰ የኋላ ጎማዎች ሊንሸራተቱና መኪናው ሊዞር ይችላል። ፍሬን ግን ሁሉንም ጎማ ይይዛል። ፍጥነት ሳይቀንስ ከባድ ማርሽ ማስገባትም ሞተሩን ከተፈቀደለት ዙር በላይ አሽከርክሮ ሊሰብረው ይችላል። እንግዲህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል አስቀድሞ በፍሬን ፍጥነት መቀነስ፣ ከዚያ ለፍጥነቱ የሚስማማውን ማርሽ ማስገባት፣ በማርሹም መያዝ ነው። ማርሽ ፍጥነትን ይጠብቃል፤ ፍሬን ፍጥነትን ይቀንሳል።

የአሮጌው ደንብ ገደብ

አሮጌው ደንብ ራሱም ጊዜ አልፎበታል። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የተባለው ሞተሩ ደካማ፣ የመኪናውም የውስጥ ፍትጊያ ብዙ በነበረበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ መኪና ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ማርሽ በደህና ይወርድ ነበር። የዛሬው ከባድ መኪና ሞተሩ ከእጥፍ በላይ ጉልበት ስላለው ያንኑ ዳገት በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ማርሽ ሊወጣው ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ማርሽ ቢወርድ ሞተሩ አይይዘውም። ስለሆነም በአሜሪካ ለከባድ መኪና ነጂዎች የሚሰጠው መመሪያ ዛሬ ቁልቁለት ለመውረድ ከመውጫው ያነሰ ማርሽ ሊያስፈልግ እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

ያው መመሪያ የፍሬንንም አያያዝ ይወስናል። ሾፌሩ አስቀድሞ ለቁልቁለቱ ደህና የሆነ ፍጥነት ይመርጣል። መኪናው በማርሽ ተይዞም ያን ፍጥነት ሲደርስ ፍሬኑን በደንብ ረግጦ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርገዋል፤ ከዚያ ፈጽሞ ይለቅቀዋል። ፍጥነቱ ተመልሶ ሲደርስ ይህንኑ ይደግማል። ፍሬኑን ሳይለቁ በቀስታ ተጭኖ መውረድ ሸራው አንዲት ደቂቃ እንኳ እንዳይበርድ ያደርጋል፤ ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ መርገጥም በአየር የሚሠራውን ፍሬን አየር ይጨርሳል። ቁልቁለቱ አልቆ መኪናው ሲቆምም ቶሎ ይብረድ ብሎ በጋለ ታምቡር ላይ ውኃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላልና ተገቢ አይደለም።

የባለሙያው ድርሻ

እ.ኤ.አ. በ2008 በዓባይ ላይ አዲሱ የኅዳሴ ድልድይ ለአገልግሎት ሲበቃ፣ ወደ እርሱ የሚወስደውም መንገድ ሲታደስ የሸለቆው ጉዞ ከቀድሞው ተሻሽሏል። ነገር ግን ድልድይ ሸለቆውን አልሞላውም፤ ዝቅታው ያው ነው። መንገድ ሲሻሻል ደግሞ ፍጥነት ይጨምራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ማርሹን ከአናቱ የማስገባት ልማድ ይረሳል። ሾፌርነት በረዳትነት ዓመታት ሳይሆን በጥቂት ወራት የከተማ ሥልጠና በሚገኝበት ጊዜ፣ መንጃ ፈቃድ ይዞ ዓባይን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወርደው ሰው አጠገቡ የሚመክረው ሽማግሌ ሾፌር ላይኖር ይችላል።

ይህን ክፍተት መሙላት የመሐንዲስ ሥራ ነው። የመንገድ መሐንዲሱ በረጅም ቁልቁለት አናት ላይ ዝንባሌውንና ርዝመቱን በኪሎ ሜትር የሚገልጽ ምልክት፣ መኪና ቆሞ ፍሬኑ የሚታይበት ሰፊ ዳር፣ በዝቅተኛውም ክፍል ፍሬን የከዳው መኪና በአሸዋና በጠጠር ተይዞ የሚቆምበት መውጫ ማዘጋጀት ይጠበቅበታል። የመኪና መሐንዲሱ ዓመታዊው ምርመራ የፍሬን ዘንግን ጉዞ፣ የሸራውን ውፍረትና የፍሬን ዘይቱን ዕድሜ እንዲመለከት ማድረግ አለበት። የሥልጠና ባለሙያውም ማርሽ በሜዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በቁልቁለት አናት ላይ እንዲመረጥ ማስተማር ይገባዋል። በሶማሌ ተራ ሸራ የሚመታው የእጅ ባለሙያም ቢሆን የሚመታው ሸራ የሚፈተነው በመርካቶ ሳይሆን በጎሐ ጽዮን መሆኑን የሚያስረዳው ባልደረባ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ማርሽ ወይስ ፍሬን ለሚለው ጥያቄ ታሪኩና ስሌቱ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው። ለማቆም ፍሬን፣ ለመውረድ ማርሽ፤ ፍሬኑም ሁልጊዜ ቀዝቅዞ፣ ለክፉ ቀን ተጠብቆ። ውሳኔው የሚሰጠውም ቁልቁለቱ መካከል ሳይሆን አናቱ ላይ፣ መኪናው ገና በሾፌሩ እጅ ሳለ ነው። የጥንቱ ነጋዴ በቅሎውን ከአፋፉ ላይ አቁሞ ጭነቷን አጥብቆ እንደሚነሣ ሁሉ፣ የዛሬው ሾፌርም ከአፋፉ ላይ ቆሞ ማርሹን አስገብቶ ቢነሣ፣ ጭነቱም ራሱም በደህና መርካቶ ይገባሉ።